ስፖርት ማርሚታ ለምታስገጥሙ ደንበኞቻችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ደሴ እና ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ስለ ስፖርት ማርሚታ ሥራችን ማብራሪያ ስለመስጠት

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን የሚደወልልን ስልክ ወደ አንድ ጥያቄ አዘንብሏል፤ «መኪናዬን ስፖርት ማርሚታ ግጠሙልኝ፣ ስንት ትላላችሁ?» የሚል፤ ድምፅን የሚያጎላውን የጭስ ማውጫ ማለት ነው። ዋጋ ከመናገራችን በፊት መልሰን የምንጠይቀው ስለሚበዛ ልንሸሻችሁ የፈለግን መስሏችሁ ቅር ያላችሁ አላችሁ። «ሌላ ቦታ በግማሽ ዋጋ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል» ያላችሁንም አላችሁ። እውነት ነው፣ ያልቃል። ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ በስልክ ማስረዳት ስላልሆነልን ይህን ደብዳቤ ጻፍን።

የሥራው መብዛት ምክንያቱ አይጠፋንም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ቶዮታ ሴሊካም ሆነ ባለ ሁለት በር ቢኤምደብሊው በእጁ ያለ ሰው ያለውን ያሳምራል እንጂ ለመሸጥ አይቸኩልም። የኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የለውም፤ የሙያችን ዕድሜ ወዴት እንደሚሄድ እኛም እናውቃለን። አብሽሩ፣ ለጊዜው የሚበየድ ብረት ሞልቷል።

ከጉልበቱ እንጀምር። ቁርጡን ስንነግራችሁ፣ በእኛ አገር ከፍታ ስፖርት ማርሚታ የሚያስገጥም ሰው በዋናነት የሚገዛው ድምፅ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ቱርቦ የሌለው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 160 አካባቢ፣ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ደግሞ 150 አካባቢ ይቀረዋል። ይህን የሚመልስ ማርሚታ የለም። ከካታሊስቱ (መርዛማውን ጭስ ከሚያጣራው ክፍል) በኋላ ያለውን መስመር በሙሉ በጥሩ ዕቃ ብንቀይረው የሚገኘው ጥቂት ፈረስ ነው፤ ያንንም መለኪያ ማሽን እንጂ ሹፌር አይለየውም። «መኪናዬ ቀለለችልኝ» የሚለን ደንበኛ አይዋሽም፤ ግን አብዛኛው ድምፁ የሰጠው ስሜት ነው። ቱርቦ ያለው መኪና ለብቻው ይታያል። ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም፤ ከቱርቦው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ማስፋትም እውነተኛ ለውጥ ያመጣል።

«እንግዲያውስ ቱቦውን አስፉልኝ» የምትሉ አላችሁ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ እየቆራረጠ፣ በግፊት በግፊት ነው የሚወጣው። ፈጥኖ ሲሄድ ከኋላው ሲሊንደር ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያስወጣል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ መሳቡም ይቀንሳል፤ ያኔ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ይደክማል። በዝቅተኛ ዙር መድከም ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስትወጡ ግን ማርሽ ቶሎ ቶሎ ስታወርዱ ታዩታላችሁ። ቱርቦ ለሌለው ባለ 2,000 ሲሲ ሞተር ከሁለት ኢንች ተኩል በላይ አንገጥምም። ለቪትዝ ባለ ሦስት ኢንች የጠየቃችሁን ወጣቶች፣ ቅር አይበላችሁ፤ ያ ለቪትዝ አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ የማርሚታው ሆድ ነው። የፋብሪካው ማርሚታ ውስጡ በላሜራ የተከፋፈለ ነው፤ ድምፁ ከክፍል ክፍል እየተንገላታ፣ እርስ በርሱ እየተጣፋ ይወጣል። ስፖርት ማርሚታ ደግሞ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቱቦ አለው፤ ዙሪያው እሳት በሚችል የመስታወት ወይም የድንጋይ ጭረት (ጥጥ በመሰለ ቃጫ) የታጨቀ ነው። ጭሱ ሳይጠማዘዝ ያልፋል፤ ቀጭኑን ድምፅ ጭረቱ ይውጠዋል፤ የሚወጣው ወፍራሙ፣ እናንተ የምትወዱት ድምፅ ነው። ርካሹ ዕቃ ከውጭ ሲታይ ከውዱ አይለይም፤ የሚለየው ጭረቱ ላይ ነው። በደንብ ያልታጨቀው በጥቂት ወራት ተቃጥሎና ተበትኖ በጫፉ ይወጣና ባዶ ቆርቆሮ ይቀራል። ያኔ መኪናው ይጮኻል እንጂ አያምርም። ስለዚህ ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስታመጡ በባትሪ ውስጡን ሳናይ፣ በእጃችን ሳንመዝን አንገጥምም። ዘመድ ከአውሮፓ የላከላችሁ ከሆነ ገላው ላይ በክብ ውስጥ የተመታ የላቲን «E» ፊደልና ከጎኑ ቁጥር ፈልጉ፤ እዚያ ያለውን የድምፅ ደንብ አልፎ የጸደቀ ዕቃ ይህ ምልክት አለው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ከገጠማችሁ በኋላ የምታማርሩበትን ነገር እናንሳ፤ ጉርምርምታውን። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲረገጥ ድምፁ ያምራል፤ መንገድ ላይ ግን በአንድ የተወሰነ ዙር መስኮቱ ይርገበገባል፣ ጭንቅላት ይይዛል፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው አይሰማም። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር በሰከንድ 83 ጊዜ ገደማ ይተኩሳል። ይህ ዝቅተኛ ድምፅ ከቱቦው ርዝመትና ከመኪናው ገላ ጋር ከተገጣጠመ እየጎላ ይሄዳል፤ ጭረት አይውጠውም። መፍትሔው መሐል ላይ ሁለተኛ ትንሽ ማርሚታ መጨመር፣ ካልሆነም ከዋናው ቱቦ ጎን ጫፉ የተዘጋ፣ ርዝመቱ ለዚያው ድምፅ የተሰላ ቅርንጫፍ ቱቦ መበየድ ነው። ከላይ ለጠቀስነው ዙር ቅርንጫፉ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ከመኪና ሥር ቦታ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚሰማ ድምፅ ይህን ስለማይነግረን፣ እያንዳንዱን መኪና ባለቤቱን ከጎን አስቀምጠን ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው እያመላለስን እንፈትነዋለን። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ከእኛ ዘንድ ሁለት ቀን የሚሆነው አንደኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ብየዳው ነው። ስቴንለሱን በአርጎን ጋዝ እንበይዳለን፤ አርጎኑ ከውጭ ብቻ ሳይሆን በቱቦው ውስጥም ማለፍ አለበት። ሁለቱን ጫፍ በቴፕ ዘግተን በአንዱ በኩል ጋዝ እንለቃለን፤ በሌላው ጫፍ በምትቀረው ትንሽ ቀዳዳ አየሩ እስኪወጣ ጠብቀን ነው እሳት የምንለኩሰው። ይህ ካልተደረገ ብየዳው ከውጭ አምሮ ከውስጥ ጥቁርና ሻካራ ይሆናል፤ መዝገትና መሰንጠቅም ከዚያው ይጀምራል። ጥርጣሬ ካላችሁ ቱቦው ከመገጠሙ በፊት ውስጡን አይታችሁ ተቀበሉ። የገሊላ የውሃ ቱቦ ይዛችሁ «ይሄን በይዱልኝ» አትበሉን፤ ሽፋኑ ዚንክ ነው፣ ሲግል የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል።

የመጋል ነገር ካነሳን፣ ሦስት ሜትር የሆነ የስቴንለስ ቱቦ ሲግል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ቱቦውን ከሻንሲው ጋር በብረት አንበይድም፤ በጎማ ማንጠልጠያ ነው የምናስቀምጠው፤ ከኋላ መከላከያው፣ ከፍሬን ቱቦውና ከነዳጅ ጋኑም እናርቀዋለን። ፋብሪካው ያስቀመጠውን የሙቀት መከላከያ ላሜራ «ይንኳኳል» ብላችሁ እንድናወጣው የምትጠይቁን አላችሁ፤ አጥብቀን እናስረዋለን እንጂ አናወጣውም።

የደሴ ደንበኞቻችን ማርሚታ ከኮምቦልቻዎቹ ቀድሞ ሲበሰብስ እናያለን። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በብርዱ ጠዋት ከሮቢት ፒያሳ ድረስ ያለችውን አጭር መንገድ ብቻ ነድታችሁ ካቆማችሁት፣ የኋላው ማርሚታ ሳይግል እንፋሎቱ እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ከውስጥም ይበላዋል። ለዚህ ብለን ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንተዋለን። ጠብ ጠብ ስትል ብታዩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ በማስቲሽም አትድፈኗት። በሳምንት አንድ ጊዜ ግን መኪናውን ረዘም ያለ መንገድ ውሰዱት።

ስለ ካታሊስት አቋማችን አንድ ነው፤ አናወጣም። ከውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች ስላሉበት ከእናንተ ሊገዛው የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ «መኪናው ይለቀቃል» የሚለው ምክርም ብዙውን ጊዜ ከገዢው አፍ ነው የሚመጣው። ካታሊስቱ ሲወጣ ከኋላው ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ያውቃል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል፤ መብራቱን በማታለያ ማጥፋት ደግሞ ነገ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ እንዳታዩት ዓይናችሁን መሸፈን ነው። ጭሱም ዓይን የሚያቃጥል፣ ልብስ ላይ የሚቀር ይሆናል። ካታሊስቱ ተዘግቶ ከሆነ ለክተን እንነግራችኋለን፤ በሌላ ካታሊስት እንቀይረዋለን።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ግን ፍንጣቂን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከመቀመጫችሁ ሥር ባለ መጋጠሚያ ላይ ጓርኒሲዮኑ (መሐሉ የሚገባው ማሸጊያ) ካለቀ፣ መስኮት ዘግታችሁ ስትሄዱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ራስ ምታትና ድካም ብቻ ነው የሚሰማችሁ። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ የማርሚታውን ጫፍ በጨርቅ አፍነን፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ቀብተን አረፋ እንፈልጋለን። እናንተም ጠዋት ሞተር ስታሞቁ የግቢውን መኪና ማቆሚያ በር ክፈቱት፤ ብርድ ነው አትበሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በማርሚታ ነገር በቀጥታ ይሠራል። መሪ የያዘው ሰው የሚሰማው ከፊት ሲሆን፣ ሸዋ በር ወይም አራዳ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ከኋላ ነው። አሥር ዴሲቤል ሲጨመር ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ይቆጥራል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ማርሚታ የሌለው መኪና ደጃፍ ላይ ተነሥቶ ይህን እንደማያከብር ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም። በሠርግ አጀብ መሐል ቢጮኽ ማንም አይቀየምም፤ ሱብሂ ሳይሰገድ ሰፈር መቀስቀስ ግን ሌላ ነው፣ ጎረቤት «የት አሠራኸው?» ሲላችሁ የእኛን ስም መስማት አንፈልግም። ማርሚታ የሌለው ቀጥታ ቱቦ አንሠራም የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለቱንም ለምትፈልጉ፣ ማለትም ሰፈር ውስጥ ዝም የሚል፣ ከከተማ ሲወጡ የሚዘፍን፣ ባለ ክዳን ማርሚታ አለ። ፖርሽና ሌሎችም ከፋብሪካ በአማራጭ የሚሸጡት ዓይነት ነው፤ ጭሱ ሁለት መንገድ አለው፣ አንዱን በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ወይም በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ ክዳን ይዘጋዋል፣ በአዝራር ይከፈታል። በእኛ እምነት ገንዘብ ላለው ሰው ምርጡ ይህ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ግን ማርሚታውን ብቻ ሳይሆን የክዳኑን ማንቀሳቀሻ፣ ቀጭን ቱቦዎቹን፣ አዝራሩንና ሽቦውን አብራችሁ ጠይቁ፤ ሻጭ እነዚህን ማስቀረት ይወዳል፣ ለብቻ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ክዳኑም ካልተንቀሳቀሰ ጥላሸት ይይዘዋል፤ ዝም ማለት ብትወዱም አልፎ አልፎ ክፈቱት።

አሠራራችን እንዲህ ነው። መኪናውን ማታ አምጥታችሁ አሳድሩት፤ በብርድ ሲነሣ መስማት አለብን። ግማሽ ቀብድ እንቀበላለን፤ የስቴንለስ ዋጋ ስለሚለዋወጥ የነገርናችሁ ዋጋ የሚጸናው ቀብድ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። የወጣውን የፋብሪካ ማርሚታ እንሰጣችኋለን፤ አትጣሉት፤ ለዓመታዊ ምርመራም ሆነ መኪናውን ለመሸጥ ይጠቅማችኋል። መብራት ከጠፋ ሥራው ይገፋል፤ በጀነሬተር አርጎን አንበይድም። 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን በነፃ እንድናጠብቅላችሁ ብቅ በሉ። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለስግደት እንዘጋለን፤ እሑድ ሙሉ ቀን ዝግ ነን።

ከሰላምታ ጋር
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
ኮምቦልቻ