የቀይ ባሕር ወሬና የአዳማ ገበያ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ቀይ ባሕር የምታወጡትን እከታተላለሁ። ግን ሁሌም ስለ ኃያላኑ ብቻ ነው። አሜሪካ እንዲህ አለች፣ ቻይና እንዲያ አለች፣ በቃ።

እርግጥ ጅቡቲ ትንሽ አገር ሆና ጦር ሰፈር የሞላባት ናት። አሜሪካ ካምፕ ሌሞኒዬ ላይ አለች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያዋን የባሕር ማዶ ጦር ሰፈር እዚያው ከፈተች። ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያንም አሉ። ይሄ ሁሉ ጦር አፍንጫው ሥር እያለ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መርከብ ሲመቱ፣ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ።

ታዲያ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው? ከገቢና ወጪ ንግዳችን አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ተሳቢዎቹም አዳማን ነክተው ነው የሚሄዱት። እዚህ ጎማ ልትገዛ ስትገባ ባለሱቁ ዋጋ ጨምሮ "መርከቡ ዘገየ" ይልሃል። (ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመውንም እኮ በዚሁ ሰበብ ያስወድደዋል! እሱን በሁቲ ማሳበብ አይቻልም።)

እባካችሁ ጋዜጠኛ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላኩ። ሹፌሮቹንና አስመጪዎቹን አነጋግሩ። የመርከብ ኢንሹራንስና ኪራይ ስንት እንደገባ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ