ዕቃችሁ ከእንግዲህ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚመጣ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በባቲ፣ በከሚሴ፣ በወልዲያና በየወረዳው ያላችሁ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሥራ እንዴት ይዟችኋል?

ከእኛ ክር፣ ዚፕ፣ መርፌ፣ ኦቨርሎክ፣ የስፌት መኪናና መለዋወጫ የምትወስዱ ሁሉ ይህ ደብዳቤ ይመለከታችኋል። ዕቃ የምናስመጣበትን መንገድ ለውጠናል። ወሬው ከገበያ ሳይደርሳችሁ ምክንያቱን ራሳችን እንንገራችሁ ብለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስቸኳይ እየተባለ በአውሮፕላን የሚመጣ ዕቃ ይቀራል። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ማዘዝም ይቀራል። የሁላችሁን ትዕዛዝ ሰብስበን፣ ኮንቴነር ሞልተን፣ በመርከብ እናመጣለን። ትዕዛዝ የሚዘጋበት ቀን ይኖረዋል። አስተሻሸጉም ይለወጣል። ወጪ መቀነሱ አንድ ነገር ነው፤ አልደበቅነውም። ከዚያ በላይ ግን የባሕሩና በባሕር ዳር የሚኖረው ሰው ጉዳይ አሳስቦናል።

የደጋ ሰው ስለ ባሕር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ያገባዋል። አገራችን ከምታስገባውና ከምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። አሁን መኪናችሁ ላይ የተጠመጠመው ክር ቻይና ወይም ሕንድ ተጭኖ፣ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ የገባ ነው። ከዚያ በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ወሎ ደግሞ ለወደብ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር እስከ 1990 ድረስ ለኮምቦልቻ ሹፌር አሰብ ደርሶ መመለስ የዘወትር ሥራው ነበር። አዛውንት ሹፌሮቻችን ዛሬም ጨዋታ ሲነሳ የአሰብን ሙቀትና የአሰብን ዓሣ ሳያነሱ አይቀሩም።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በዓለም ላይ ከሚዘዋወረው የንግድ ዕቃ 80 በመቶ ያህሉ የሚጓጓዘው በባሕር ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ለብዙ ዘመን ሲያነዱት የኖሩት ነዳጅ ደግሞ ከድፍድፉ ላይ ቤንዚኑና ናፍጣው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። በጣም ወፍራም ስለሆነ ካልሞቀ በቱቦ አይሄድም። ውስጡ ድኝ አለበት። ድኙ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ ዝናቡንም አሲድ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚተነፍሰው ወደብ አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው። እኛ ክሩን እንሰፋበታለን፣ እሱ ጭሱን ይስባል።

እርግጥ ሕጉ ጠበቅ ብሏል። አይኤምኦ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የመርከብ ጉዳይ ድርጅት በ2020 መጀመሪያ ላይ በነዳጁ ውስጥ የሚፈቀደውን ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ አወረደው። ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ 0.5 በመቶ ማለት በአውሮፓ መንገድ ላይ ለመኪና ከሚፈቀደው ናፍጣ 500 እጥፍ ድኝ ማለት ነው። አንዳንድ መርከቦች ደግሞ የድሮውን ነዳጅ እያነደዱ ጭሱን በባሕር ውሃ የሚያጥብ መሣሪያ ገጠሙ። ብዙዎቹ እጣቢውን መልሰው ባሕር ውስጥ ይደፉታል። ቆሻሻው ከአየር ወደ ውሃ ተዛወረ እንጂ የትም አልሄደም። ይህን በወደባቸው የከለከሉ አገሮች አሉ፤ ደግ አደረጉ።

ሌላው የአየር ንብረት ጉዳይ ነው። የሰው ልጅ ምድርን ከሚያሞቅበት ጋዝ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋው ከመርከብ ይወጣል። በ2018 ብቻ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነበር። አገሮች በ2023 ተሰብስበው በ2050 አካባቢ ይህን ወደ ዜሮ እናደርሳለን ብለው ተስማሙ። የሚበክል መርከብ እንዲከፍል የሚያደርገው ደንብ ግን በ2025 ሊጸድቅ ሲል በአንድ ዓመት ተገፋ። አዝነናል። ዝናብ ሲዛነፍ፣ ድርቅ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው አይነገረውም።

እንግዲህ እኛ መርከብ የመምረጥ አቅም የለንም። ትንሽ ቤት ነን። ዕቃው ትራንዚተራችን፣ ማለትም ጭነትና ጉምሩክ የሚያስፈጽምልን ሰው፣ ቦታ ባገኘበት መርከብ ይጫናል። በእጃችን ያለው ጊዜው፣ ጭነቱና አስተሻሸጉ ነው።

ከጊዜው እንጀምር። አንድ መርከብ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ቢቀንስ ሞተሩ የሚጠይቀው ጉልበት በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጉዞው ስለሚረዝም ጠቅላላ የሚተርፈው ነዳጅ 19 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ቀን በመታገሥ ብቻ ይህን ያህል! ቀስ ያለ መርከብ ባሕር ውስጥ የሚያሰማው ጩኸትም ያንሳል፣ እንስሳም ቶሎ አይገጭም። ጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ እሱ ነው። ሰው አይነካም፤ ውሃው ላይ ላዩን ቀስ እያለ ይበላል። ዕቃችን የሚገባው በዚያው ደጅ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ አንድ ኪሎ ክር በአውሮፕላን ሲመጣ በመርከብ ከሚመጣው ከ20 እጥፍ በላይ ያጨሳል።

ስለ አስተሻሸግ ረዘም አድርገን እናውጋችሁ፤ ምክንያቱም ሰው ልብ የማይለው ይህን ነው።

በ2021 ግንቦት ወር ኤክስ-ፕረስ ፐርል የምትባል መርከብ ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ አጠገብ በእሳት ተያያዘች። አዲስ መርከብ ነበረች፤ ሥራ ከጀመረች ወራት ብቻ። ከጫነቻቸው ኮንቴነሮች አንዱ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ነበረ፤ እሱ ማፍሰስ ጀመረ። ኳታርና ሕንድ ያሉ ሁለት ወደቦች ኮንቴነሩን አናወርድም አሏት። አሲዱን ተሸክማ ቀጠለች። ለቀናት ነደደች፣ በሰኔም ሰመጠች። 1,680 ቶን ያህል የፕላስቲክ እንክብል ባሕሩ ላይ ተበተነ። ይህ እንክብል ጀሪካንና ፌስታል የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። አንዱ ፍሬ ምስር ያክላል። ዓሣ የዓሣ እንቁላል መስሎት ይውጠዋል። አሸዋ ውስጥ ከገባ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም። ዓሣ አጥማጆች ባሕር እንዳይገቡ ተከለከሉ። ቆይተው ሲገቡም ሰው ፈርቶ ዓሣቸውን የሚገዛ ጠፋ። በ2025 የስሪላንካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ከቻይና ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ በዚችው ደሴት ደቡብ በኩል ነው የሚያልፈው።

ወደ እኛ ጠጋ ያለውም አለ። የመን ጠረፍ፣ ሆዴዳ አጠገብ ሴፈር የምትባል ያረጀች መርከብ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ፣ ጥገና ተቋርጦባት፣ ለዓመታት ቆማ ነበር። ብትሰነጠቅ የየመንን ዓሣ አጥማጆች ከሥራ ታስወጣ፣ እርዳታ የሚገባበትን ወደብም ትዘጋ ነበር። ዘይቱ ኤርትራና ጅቡቲ ሊደርስ ይችል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ አሰባስቦ፣ ተራ ሰዎችም ከኪሳቸው አዋጥተው፣ በ2023 ነሐሴ ወር ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ አለቀ። ሳይፈስ ቀረ። ቀድሞ መጠንቀቅ ይህን ያህል ሰው ያድናል።

አሁን ወደ መጋዘናችን በር እንምጣ። የስፌት መኪና ከካርቶኑ ሲወጣ በነጭ ፎም ተይዞ ነው። ፎሙ ሲሰበር ፍርፋሪው ይበናል። ነፋስ ከመጣ አስፋልቱን ተሻግሮ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከቦዩ ቦርከና ወንዝ። ቦርከና ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ እዚያ በበጋ የስንቱ ከብት ይሰማራል። ከዚያ አዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ፍርፋሪ የሚቆየው እዚሁ፣ በእኛና በአፋር ወንድሞቻችን ከብት ሆድ ውስጥ ነው። ይህን በዓይናችን እያየን ስለ ሰው ባሕር ብቻ ማውራት አንችልም።

ስለዚህ ላኪዎቻችንን በፎም ፋንታ በተጣጠፈ ካርቶን እንዲያሽጉ ጠይቀናል፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል። ክሩም አንድ በአንድ በላስቲክ መጠቅለሉ ቀርቶ በካርቶን ሳጥን ይመጣል። እርጥበት እንዳይነካው ኮንቴነሩ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ይሰቀላል። የማሽን ዘይትና ባትሪ ያለው መብራት ከሌላው ዕቃ ጋር ተደብቆ አይጫንም። በትክክለኛ ስሙ ተጽፎ፣ ለብቻው ታሽጎ ይመጣል፤ አለዚያ አናመጣውም። ባሕር ላይ እሳት ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ ስሙ ተለውጦ የተጫነ ዕቃ ነው። «ሌላው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል» የሚል ነጋዴ ያጋጥማችኋል። እኛ አናደርገውም።

እናንተን የሚመለከተው እንግዲህ ይህ ነው። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ትዕዛዝ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ለገናና ለጥምቀት የሚሆነው ነሐሴ መጨረሻ። ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የእሱን ቀን ከረመዳን አራት ወር በፊት ደውለን እንነግራችኋለን። ከተዘጋ በኋላ የመጣ ትዕዛዝ ለቀጣዩ ይተላለፋል። ኤልሲ (ላኪው ክፍያውን እንደሚያገኝ ባንክ የሚሰጠው ማረጋገጫ)፣ ጉምሩክና መንገዱ ተደማምሮ ወደ ሦስት ወር እንገምታለን፤ ሊያልፍም ይችላል።

አንድ የባቲ ደንበኛችን ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ክር ቢያልቅብኝ ሰውዬው ይጠብቀኛል?» አሉን። ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የሚያልቁትን ቀለሞች፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር፣ ከወትሮው አብልጠን ኮምቦልቻ መጋዘን የምናስቀምጠው። መርፌና ቀበቶም እንዲሁ። መኪና ቆሞባችሁ መለዋወጫው መጋዘን ከሌለ ደግሞ ደውሉ፤ ከሌላ ደንበኛ ተበድረንም ቢሆን ሥራ እንዳትፈቱ እናደርጋለን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ኮንቴነር ሞልቶ ሲመጣ የማጓጓዣው ድርሻ ለእያንዳንዱ ዕቃ ያንሳል። የካርቶኑ ማሸጊያ ግን ከፎም ይወደዳል። ሁለቱን አጣፍተን የክሩን ዋጋ ባለበት ለማቆየት አስበናል። የምንዛሪው ነገር በእጃችን ስላልሆነ ከዚያ ያለፈ ቃል አንገባም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ በመደበኛነት ዕቃ ሲያመላልስልን ደግሞ የየብሱንም ጭስ አብረን እንቀንሳለን።

ቤታችሁ የተከማቸ የቆየ ፎም ካለ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። በጆንያ አድርጋችሁ ዕቃ ልትወስዱ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። መጋዘን አስቀምጠን የእኛኑ ዕቃ ወደ ወረዳ ስንልክ መልሰን እንጠቀምበታለን። የመጀመሪያው ትዕዛዝ የሚዘጋው ሚያዝያ 30 ነው። የምትፈልጉትን ቀለም፣ ቁጥርና ብዛት እስከዚያ በስልክ ወይም በአካል አስመዝግቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምቦልቻ መደብራችሁ