ከከፍተኛ ሊግ መጥቶ ዋንጫ መብላት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣

ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ሁለተኛ እርከን) ባደገ በዓመቱ፣ በ2016 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ማንሳቱ ሲነሳ፣ እኛ ጎጃሞች ዘንድ መልሱ አንድ ነው፦ «ባንክ ስለሆነ!» ገንዘቡ አልረዳውም የሚል የለም። ግን መቻልም ከኋላው መከላከያ ሠራዊቱን ይዞ ሁለተኛ ነው የወጣው።

ብዙም የማይነሳ ሌላ ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዟዟረ ነው የሚካሄደው። ድሮ አዲስ ያደገ ቡድን የዓመቱን ግማሽ ጨዋታ በሰው ሜዳ፣ በሰው ደጋፊ ጩኸት ሥር ይጫወት ነበር። አሁን ከአስተናጋጁ ከተማ ቡድን በቀር ሁሉም እንግዳ ነው። ይህ ለነባሮቹ ኪሳራ፣ ለአዳጊው ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር አለመሸነፍ ነው። የጀርመኑ ካይዘርስላውተርን በአሠልጣኙ በኦቶ ሬሃግል እየተመራ ባደገ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሻምፒዮን ሲሆን ከ34 ጨዋታ ያሸነፈው 19ኙን ብቻ ነው፤ 11 አቻ ወጥቶ 4 ጊዜ ተሸነፈ። የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ፎረስትም እንዲሁ ባደገ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሻምፒዮን ሲሆን በ42 ጨዋታ የተቆጠረበት 24 ጎል ነበር። ካደገ በኋላ ከገዛቸው አንዱ በረኛው ፒተር ሺልተን ነው፤ ለበረኛ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ያኔ እብደት ይመስል ነበር።

እዚህ አካባቢ ያሉ ክለቦች ነገ ቢያድጉ የሚያሰጋን የተገላቢጦሹ ነው። ቡድኑ ያድጋል፣ ሽልማትና ግብዣው ይቀጥላል፣ የተጫዋቾቹ ውል ሰኔ 30 ያልቃል። የከተማው በጀት ሐምሌ ውስጥ እስኪጸድቅ ደህና ደህናዎቹ ሌላ ቦታ ፈርመዋል። ከዚያ በነሐሴ ወር ውስጥ አሥራ አምስት አዳዲስ ተጫዋቾች ይሰበሰቡና መስከረም ላይ ማን ለማን እንደሚያቀብል የማያውቅ ቡድን ይወጣል። ውል ማራዘሚያው ማደጉ በተረጋገጠበት ሳምንት ይፈረም። አዲስ የሚመጡት ከአራት ከአምስት አይብለጡ፤ እነሱም መሐል ለመሐል ይሁኑ፦ በረኛ፣ መሐል ተከላካይ፣ የተከላካይ አማካይ፣ አጥቂ። ክንፉን ባሳደጉት ልጆች መሙላት ይቻላል።

የአየሩን ነገር አሠልጣኞቻችን ይንቁታል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፤ ሊጉን ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ የሆነችው ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ፣ ሞቃትም ነች። ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ትንፋሹ ይቀላል ብሎ በዋዜማው የሚሄድ ቡድን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ይተሳሰራል፤ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋልና። ተጫዋቹ ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል፣ ጨው ካለው ምግብ ጋር፣ ቀስ እያለ ይጠጣ። ሚዛን መግዛት የበጀት ጥያቄ አይደለም።

ወጪው ላይ ግን አንሸዋወድ። በራሱ ከተማ የማይጫወት ቡድን ወራቱን የሚያሳልፈው ሆቴል ነው። የሆቴልና የቀለብ ሂሳብ ከደሞዝ ተለይቶ ካልተያዘ፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደሞዝ ይሆናል፤ ሁለት ወር ያልተከፈለው ተከላካይ ደግሞ የማዕዘን ምት ሲመጣ ሰውየውን አይከተልም።

ዋንጫ ከመጣ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግም ይከተላል። ባንክ የዩጋንዳውን ቪላን አልፎ በታንዛኒያው ያንጋ አዲስ አበባ ላይ 1ለ0፣ ዛንዚባር ላይ 6ለ0 ተሸንፏል። ስለዚህ በሁለተኛው ክረምት የሚፈለገው ተቀያሪ ተከላካይና አማካይ ነው። ይህንንም ቀድሞ አስፈርሞ የሚጠብቅ ኮሚቴ እንጂ ዋንጫ ይዞ ከተማ ለከተማ የሚዞር ኮሚቴ አያመጣውም።

የዘወትር አንባቢዎቻችሁ
ከደብረ ማርቆስ