ሞዴሊንግ ማለት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ሥራዬ ሞዴሊንግ ነው ስልሽ የልብስ ማሳየቱ ቢመስልሽ አይፈረድብሽም፤ ቃሉ ራሱ ያምታታል። ልብስ ለብሳ የምታሳየዋ ሞዴሊስት ናት። «መኪናው ስንት ሞዴል ነው?» የሚል ሰው የተሠራበትን ዓመት መጠየቁ ነው። ተማሪ ከዋናው በፊት ሞዴል ፈተና ይወስዳል፤ ሞዴል አርሶ አደር አርአያ ነው፤ ንብረት ክፍል ዕቃ የሚረከብበት ሞዴል 19 ደግሞ ቅጽ ነው። አርክቴክት በ1 ለ100 ልኬት ከካርቶን የሚሠራው ቤትም ሞዴል ይባላል፤ የ3 ሜትሩ ግድግዳ እዚያ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የእኔው በቁጥር የሚሠራ ነው፤ ጎርፍ እስከ የት ከፍ እንደሚል የሚገምት። በጣሪያሽ ላሳይሽ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያሽ 60 ካሬ ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይወርዳል። ሁሉም ግን በርሜል አይገባም፤ ይረጫል፣ አሸንዳው ያፈሳል። ከመቶ 85 እጁ ይገባል ብዬ ካሰብኩ 1,020 ሊትር፣ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል አምስት ጊዜ ይሞላል። ሦስት ብቻ ከሞላ ግን የገባው 50 እጁ ነው፤ ግምቴ ተሳስቷል፣ ወይም አሸንዳው ተቀዷል። ወጥቶ ማየት ነው። ሞዴል ከበርሜሉ ጋር ካልተመሳከረ ባዶ ሒሳብ ነው።

የድሬዳዋችን ወንዝ ደቻቱም እንዲሁ ነው፤ ጣሪያው በደንገጎ በኩል ያለው ጋራ፣ አሸንዳው አሸዋማው ወንዝ። ጋራው ቀጥ ያለና የተራቆተ ስለሆነ አፈሩ ከሚጠጣው የሚሮጠው ይበዛል። ሞዴሉ አብዝቶ የሚስተው ዝናቡ ጋራው ላይ ወርዶ መለኪያው ከተማ ውስጥ ሲሆን ነው። ጎርፉ የሚያመጣው ድንጋይና ግንድ ድልድይ ሥር ሲወተፍም ውሃው ካሰብነው በላይ ይወጣል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። የዚያን ሌሊት ከፍታ በትክክል ማውጣት ያቃተው ሞዴል ለሚመጣው አይታመንም። ስለዚህ ያ ጎርፍ ግድግዳሽ ላይ የተወው ምልክት በጣም ያስፈልገኛል።

ከቤት ውስጥ ይለካ፤ የውጩ ግድግዳ ላይ ፍንጣሪው ከፍ ብሎ ያታልላል። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ወደ ላይ ስለሚስብ የእርጥበቱ ጥላም ከውሃው በላይ ነው፤ የሚፈለገው ደለሉ የቆመበት ቀጭን ቡናማ መስመር ነው። ግድግዳው ተቀብቶ ከሆነ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቀለም ያልደረሰበትን እዪ። ከግቢው መሬት አትነሺ፣ ከዚያ ወዲህ አፈር ተሞልቶበታል፤ ከበሩ የድንጋይ ደፍ ይጀመር። የልብስ ስፌት ሜትር ይበቃል። ሦስት ቦታ ይለካና ቢለያይም ሦስቱም እንዳለ ይላክልኝ፤ የሚለያዩበት መጠን ራሱ ይጠቅመኛል። ሜትሩ ግድግዳው ላይ እንደተያዘ ፎቶ ይነሳ። አንቺ አታጎንብሺ፤ ከጎረቤት ልጆች አንዱ ይያዝልሽ፣ አንቺ ቁጥሩን አንብቢ።

በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ከተማው ላይ ጠብ ባይልም በወንዙ አሸዋ አታቋርጪ፤ በድልድዩ ዙሪ።

ልጅሽ