የተፈጥሮ ክበብ ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.፦ ከምንቃሩ በፊት እግሩን

እስከ አምና ድረስ የክበባችን አባላት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲወርዱ ዋናው ሥራቸው የወፎችን ስም መመዝገብ ነበር። ዘንድሮ ስም መልቀሙን ተውነውና አንድ ወፍ መርጠን ለዐሥር ደቂቃ የሚያደርገውን ሁሉ መጻፍ ያዝን፤ ስንት ጊዜ ተራመደ፣ ስንት ጊዜ ምንቃሩን ሰነዘረ፣ ስንቱን ዋጠ። ሰንዝሮ የሳተውም ይቆጠራል። የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ ላይ ሰልችቷቸው ነበር። ኋላ ግን "ሰዓት አልቋል" ስንላቸው የሚያኮርፉት እነሱ ሆኑ።

ብዙ ያስተማረችን ትንሿ ነጭ ሳቢሳ ናት። ቅልጥሟ ጥቁር፣ ጣቶቿ ደማቅ ቢጫ ናቸው። ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ አንድ እግሯን ወደፊት ዘርግታ ጭቃውን ታንቀጠቅጠዋለች፤ ከሥር የተደበቀው ትንሽ ዓሣ ደንግጦ ብቅ ሲል ላፍ ታደርገዋለች። ልጆቹ ዐይናቸው ምንቃሯ ላይ ስለነበር ይህ ሁሉ ያመልጣቸው ነበር። እግሯን እንዲከታተሉ ከተነገራቸው በኋላ የሚጽፉት ነገር ሌላ ሆነ።

ምንቃረ ቢጫው ሽመላ ደግሞ አደኑ ለየት ይላል። ምንቃሩን ገርበብ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይነክርና በእግሩ እያመሰ በዝግታ ይራመዳል፤ ዓሣ ሲነካው በቅጽበት ይከድነዋል። አዳኝነቱ በመዳሰስ እንጂ በማየት አይደለም። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የታየን ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ገብተው ዳርቻውን ያደፈረሱት ዕለት ነው። ሳቢሳዋ ወዲያው ተነሥታ ጥሩ ውሃ ፍለጋ ሄደች፤ ሽመላው ድፍርሱ ውስጥ አደኑን ቀጠለ።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያለውን አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ሁሉም ያውቀዋል፤ አስጋሪዎች የሚጥሉትን አንጀትና ጭንቅላት ሲጠብቅ ይውላል። ልጆቹ በጣም ይወዱታል። እኔ ግን እዚያ ብዙ እንዳንቆይ አደርግ ነበር፤ የሰው እጅ ሳይጠብቅ የሚያድነውን ወፍ እንዲያዩልኝ ነበር ምኞቴ።

ሐይቁ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲሞላ ዳርቻው ወደ ሣሩ ይገፋል፤ እግረ አጭሮቹ ወፎችም አብረው ወደ ሣሩ ይጠጋሉ። ልጆቹ በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገበት ዱላ ይዘው፣ ወፉ ከሄደ በኋላ የቆመበትን ጥልቀት ይለኩ ነበር። የእግር ርዝመት የማደኛውን ቦታ እንደሚወስን ከመጽሐፍ ብነግራቸው ኖሮ ይህን ያህል የሚገባቸው አይመስለኝም።

አንድ ደንብ ነበረን፦ ወፉ ማደኑን አቁሞ ቀና ካለ በጣም ቀርበናልና ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡትን፣ ጭቃ የሚወጉ ትንንሽ ወፎች ግን በቅጡ ማጥናት አልቻልንም። በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ያሉን ጥቂት ባይኖኩላሮችም በተራ ነው የሚታዩባቸው። ከመስከረም ጀምሮ በእነሱ ላይ እናተኩራለን። ባይኖኩላር ሊያውሱን የሚችሉ ወላጆች በልጆቻቸው በኩል ለክበቡ ያሳውቁን። የዘንድሮዎቹ ደብተሮች ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ማንም ተማሪ ገብቶ ማንበብ ይችላል።