ለምግብ ቁጥጥር ኃላፊው፦ «የተፈቀደ ማጣፈጫ» የትኛው ነው?

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። የእኔን ጤንነት ቢሮዎ ያውቀዋል፤ ሦስት ጊዜ በደረጃው ስወጣና ስወርድ አይቶኛል።

የአምስት ዓመት ልጄ ከሰፈራችን ሱቅ የምታስገዛኝ ቀይ ጁስ አለች። ጠርሙሷ ላይ እንጆሪ ተስሏል፤ ውስጧ ግን እንጆሪ የሚባል የለም። ከጀርባዋ በደቃቅ ፊደል «ውሃ፣ አሲድ፣ ቀለም፣ የተፈቀደ ማጣፈጫ» ይላል። ስኳር የሚል ቃል የለበትም። ታዲያ እንዲህ የጣፈጠችው በምንድን ነው? ከሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች በየትኛው? በሳካሪን? በሳይክላሜት? በአስፓርቴም?

ይህንኑ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ጠርሙሷንም ለናሙና ተቀበሉኝ። በሳምንቱ «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው» ተባልኩ። በወሩ «ደብዳቤሽ ገና አልተመራም»። በሦስተኛው አንዱ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ታዲያ ስኳር ይሻላል ነው የምትይኝ?» አለ።

አላልኩም። መርዝ ነው ብዬም አልከሰስኩም። አስፓርቴም ሐምሌ 2015 ዓ.ም. «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተርታ ሲመደብ እንኳ፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም የሚለው ገደቡ እንዳልተነካ አንብቤአለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ለሳካሪን ያስቀመጡት ገደብ ደግሞ 5 ሚሊግራም ነው። ልጄ 16 ኪሎ ናት። አስፓርቴም ከሆነ 640 ሚሊግራም፣ ሳካሪን ከሆነ 80። ማባዛቱን እችላለሁ፤ በየትኛው እንደማባዛ ነው የቸገረኝ። መጠኑም ስላልተጻፈ ብችልም ዋጋ የለውም። አስፓርቴም ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነቱ ማፍረስ የማይችል ልጅ የወለደች እናትስ? እሷ የስሌት ነገር አይደለም የያዛት፤ ስሙን ማየት ብቻ ነው የምትፈልገው።

«የተፈቀደ» የሚል ከተጻፈ የፈቀደ አለ ማለት ነው። የፈቀደ ደግሞ ምን እንደፈቀደ ያውቃል። አምራቹም ያውቃል። የማታውቀው የምትጠጣዋ ልጅ ብቻ ናት። አንዲት ቃል መጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል? ጁሱን የሚያቀላ ቀለም እንደሆነ አላጡም።

መመሪያውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታልና አልጠቅስም። ስለ ናሙናዋ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ለመጨረሻ ጊዜ ስመጣ ጠርሙሷ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ባዶዋን ቆማ አየኋት። የጠጣት ሰው ካለ፣ ምን እንደጠጣ ይንገረኝ።