ሲርፒንስኪን አትዝለሉት

ይድረስ ለተከበሩ የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

የኦሊምፒክ ማራቶን በተነሣ ቁጥር በጋዜጣም በሬዲዮም አንድ ስሕተት ይደጋገማል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፉት ሻምበል አበበ ቢቂላና ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው ይባላል። ሦስት ናቸው። አበበ በ1960 ሮም እና በ1964 ቶኪዮ፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ዋልደማር ሲርፒንስኪ በ1976 ሞንትሪያል እና በ1980 ሞስኮ፣ ኪፕቾጌ በ2016 ሪዮ እና በ2021 ሳፖሮ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የኪፕቾጌ ሁለተኛ ድል «ቶኪዮ 2020» ቢባልም የተሮጠው በዓመቱ፣ ያውም ሳፖሮ ከተማ ነው።)

ሲርፒንስኪ የሃሌ ከተማ ሯጭ ሲሆን፣ የመጣው ከ3,000 ሜትር መሰናክል ነው። የመጀመሪያ ማራቶኑን በ1974 ኮሺትሴ ላይ ሲሮጥ ዕድሜው 24 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ሲደርስ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ውድድሩን ስላልተካፈለች የኛ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን ሻምበል ማሞ ወልዴን በ1972 ሙኒክ ላይ ቀድመው ወርቅና ብር የወሰዱት አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርና ቤልጅጋዊው ካሬል ሊዝሞንት ተሰልፈዋል። ሾርተር በዝናቡ ውስጥ ደጋግሞ ፍጥነት እየጨመረ ተከታዮቹን አራገፈ። አንዱ ግን አልራገፍ አለው። ያ ነጭ ማሊያ የለበሰ ሯጭ ለሾርተር የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔዝ መስሎት ነበር። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ሲርፒንስኪ ጥሎት ሄደ፤ 2:09:55። ሾርተር 50 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ፣ ሊዝሞንት ሦስተኛ ሆኑ። አበበ ቶኪዮ ላይ ያስመዘገበው 2:12:11.2 ለ12 ዓመት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቶ የተሰበረው ያን ቀን ነው።

ስታዲየም ውስጥ የሆነውም ተዛብቶ ይነገራል። ሲርፒንስኪ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ የዙር መቁጠሪያው ሰሌዳ ገና «1» ያሳይ ስለነበር አንድ ዙር ጨምሮ ሮጠ። ሰዓቱ የተያዘው ግን በትክክለኛው መስመር ስለሆነ ውጤቱ አልተነካም።

ሞስኮ ላይ የተሮጠው በሌላ ስልት ነው፤ ለአሠልጣኞችም ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸኛው ይመስለናል። ሜክሲኳዊው ሮዶልፎ ጎሜዝ አፈትልኮ ወጥቶ ሲመራ ሲርፒንስኪ ተንደርድሮ አልተከተለውም፤ ክፍተቱን ቀስ በቀስ አጠበበ። ማራቶን ላይ አንድ ጊዜ በኃይል የተጨመረ ፍጥነት ጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ጉልበት አሟጦ ዕዳው የሚመጣው ከ35 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ጎሜዝም እንዲሁ ሆነበትና 1 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ተበልጦ ስድስተኛ ወጣ፤ የኛው ደረጀ ነዲ በ5 ሰከንድ ልዩነት ሰባተኛ ሆኖ ገባ። ሲርፒንስኪ የመሰናክል ሯጭ እግሩን ለመጨረሻው ቆጥቦ ሆላንዳዊውን ጄራርድ ናይቦርን በ17 ሰከንድ ቀደመው፤ 2:11:03። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር የ5,000 ሜትር ወርቁን ያጠለቀውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም ነው! የምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን አስተላላፊ አዲስ አባቶችን ልጆቻችሁን ዋልደማር በሏቸው ማለቱ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ይታወሳል።

በ1983 ሄልሲንኪ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ከበደ ባልቻ በ2:10:27 ብር ሲወስድ፣ በ10 ሰከንድ ተበልጦ ነሐስ ያገኘው ይኸው ሲርፒንስኪ ነው። ይህን ሳይጠቅሱ የከበደን ውጤት መጻፍ የውጤቱን ክብደት ይቀንሳል፤ የሁለት ኦሊምፒክ ባለወርቅ ነው የቀደመው! ሦስቱን የሲርፒንስኪ ሰዓቶች ብናስተያይ በሰባት ዓመት ውስጥ ልዩነታቸው 68 ሰከንድ ብቻ ነው፤ አማካዩ በኪሎ ሜትር ከ3:04 እስከ 3:07 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በ1984 ሎስ አንጀለስ ሦስተኛ ወርቅ እንዳይሞክር አገሩ ከውድድሩ ቀረች፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ።

ስሙ የሚዘለለው በዶፒንግ (በተከለከለ አበረታች መድኃኒት) ምክንያት ከሆነ ግን ምክንያቱ ተገልጾ ይጻፍ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በወጡ የምሥራቅ ጀርመን የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰነዶች ላይ፣ ከመንግሥቱ የዶፒንግ መርሐ ግብር ጋር በተያያዘ ስሙ እንደተገኘ ተዘግቧል፤ ሾርተርም በአደባባይ አንሥቶታል። በሌላ በኩል በምርመራ ተይዞ አያውቅም፣ ሜዳልያዎቹም አልተነጠቁም። አንባቢ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

የአበበ ክብር በዚህ አይነካም። የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ ከሦስቱ መካከል ሁለቱንም ወርቅ በዓለም ምርጥ ሰዓት ያሸነፈም እርሱ ብቻ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊዎችን ሰንጠረዥ ስታወጡ ሦስቱን ስሞች ከነዓመታቸው እንድታሰፍሩልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአትሌቲክስ ገጻችሁ ተከታታይ አንባቢዎች